የትምህርት ቤት ኮሙኒኬሽን ሥልጠና፦ ስላይዱን ትተን የራሳችንን ደብዳቤ ይዘን ብንገባስ?

ሰሌዳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ተመለስኩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቀን የምታውቁት ዓይነት ነበር። የሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ስላይድ በስላይድ ላይ። ስለ አርማ ቀለም፣ ስለ ቴሌግራም ተከታይ ማብዛት፣ ስለ አጫጭር ቪዲዮ። አልጠላሁትም። ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ላይ የምለውጠው አንድ ነገር አጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሠልጣኝ ገባች። ኮምፒውተር አልከፈተችም። "ስልካችሁን አውጡ። ለወላጅ የላካችሁትን የመጨረሻ መልእክት ክፈቱና አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡት። እሱ ጮክ ብሎ ያንብበው" አለች። የኔን ያነበበው ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ነው። መልእክቱ ይሄ ነበር፦

"ት/ቤታችን የመማር ማስተማር ሂደቱን ውጤታማ ለማድረግ እያደረገ ካለው ያላሰለሰ ጥረት አንጻር የአንደኛ መንፈቅ ዓመት የተማሪዎች ውጤት መግለጫ ካርድ ርክክብ መርሐ ግብር በመጪው ቅዳሜ የሚካሄድ በመሆኑ፣ የተከበራችሁ ወላጆች በሰዓቱ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን።"

አሠልጣኟ ጠየቀችው፦ "አንተ ወላጅ ነህ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ትሄዳለህ?" ልጁ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ፈለገ። ሰዓት የለውም። ቀኑም የለውም። "በመጪው ቅዳሜ" ብዬ ሐሙስ ማታ ነው የላክሁት። አንዳንዱ ወላጅ እሑድ ከፍቶ አይቶታል። ፊቴ ጋለ። ይሄን መልእክት ያረምኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያየሁት ቃላቱ ማማራቸውን ነበር።

እዚያው ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፦ "ውድ ወላጆች፣ ቅዳሜ ጥር 16 የልጆቻችሁን ካርድ እንሰጣለን። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00 ድረስ ኑ። ካርዱን የምንሰጠው ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ነው። ካልተመቻችሁ ሰኞ በዚያው ሰዓት ቢሮ መውሰድ ትችላላችሁ።" አለቀ።

ከሁለቱ ቀን ያተረፍኩት ያቺን ግማሽ ሰዓት ነው። ሥልጠናዎቻችን ለምን እንደዚህ አይሆኑም? እናንተ ከወሰዳችሁት ሥልጠና እውነት ሥራ ላይ የዋለላችሁ የቱ ነው?

ጀማሪ ፒአር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ክልል ላይ የአማርኛ መምህር ነኝ። አምና "አንተ ጥሩ ትጽፋለህ" ተባልኩና የሕዝብ ግንኙነቱ ሥራ ተደረበልኝ። ክፍለ ጊዜ አልተቀነሰልኝም። አስተምራለሁ፣ ሚኒ ሚዲያውን እመራለሁ፣ ባነር አሠራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ካሜራ ይዤ እሮጣለሁ። ሥልጠና የሚባል ነገር አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም። ዕድሉ ሲመጣ ሌላ ሰው ይላካል፤ አበል ስላለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ርዕሰ መምህሩ ይሄን ዓይነት አጭር ደብዳቤ አይቀበሉኝም። "ክብደት የለውም፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይመስልም" ይላሉ። አንቺ እንዴት አሳመንሽ?

ሰሌዳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

ወንድሜ፣ በክርክር አላሳመንኩም። ጸሐፊያችንን ነው የረዳኋት። የድሮው መልእክት በወጣ ቁጥር ስልኳ ሲጮህ ይውላል። "ስንት ሰዓት ነው?" "እኔ መምጣት አለብኝ?" "ካርዱን ሠራተኛዬ ብትወስደው ይሆናል?" እያንዳንዱን ጥያቄ ደብተር ላይ አጻፍኳት። ከዚያ ደብተሩን ለዳይሬክተሯ አሳየሁ። ሁሉም ጥያቄ ደብዳቤው ውስጥ ሊመለስ ይችል የነበረ ነው። ካርድ ከተሰጠ በኋላ አዲሱ ዓይነት መልእክት በወጣበት ቀን ግን ጸሐፊዋ ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ጠጣች።

ክብደት ለሚሉት ደግሞ አናቱ ላይ አርማና ቁጥር አድርግ፤ ታች ማህተም ምታበት። መሐሉን ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ጻፈው።

ከሜሪላንድ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ከሩቅ ልግባ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተሰብና ትምህርት ቤቱን የማገናኝ ሠራተኛ ነኝ። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ብዙ ናቸው። ዲሲ ውስጥ ከ2004 (በፈረንጅ) ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ ጎን ሞንትጎመሪ ካውንቲም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያም ለወላጅ የሚወጣው ዋና ዋና ነገር በአማርኛ ይወጣል። እዚህ አገር የትምህርት ቤት ሕዝብ ግንኙነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብሔራዊ ማኅበራቸው ከ1935 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ በሐምሌ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋሉ።

ግን ሥልጠና በዛ ማለት ችግሩ ቀረ ማለት አይደለም። አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በረዶ ሲጥል ትምህርት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀመራል። አንድ ዓመት በበረዶው ወቅት ለወላጅ የሄደው የአማርኛ መልእክት "ትምህርት በ2 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል" ይላል። አሁን እንደ አበሻ አንብቡት። 2 ሰዓት ማለት ጠዋት ነው፣ የፈረንጁ 8፡00። ከመጣ ወር ያልሞላው አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ በ2 ሰዓት ደረሰ። በሩ ዝግ ነው። የዚያን ቀን የሚከፈተው በ11፡00 ነበር፣ በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት። እኔ ስደርስ ትንሿን ልጅ ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጧት ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። "ዘግይተናል እንዴ?" ነው ያለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሳልጽፍ አልልክም። "ዛሬ ትምህርት የሚጀምረው ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ ሰዓት 11፡00።"

ሌላም አለ። ልጆች ከመደበኛው ሰዓት ቀድመው ወደ ቤት ሲሄዱ መተግበሪያው "ልጅዎ ዛሬ ቀደም ብሎ ይፈታል" ብሎ ተረጎመው። እስር ቤት ያለ ልጅ ነው የሚመስለው። የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን ከያዘ ከ2016 (በፈረንጅ) ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤት በእሱ ይተማመናል። ለመነሻ ይጠቅማል። ሰው ሳያየው መላክ ግን አደጋ ነው።

ለጥያቄሽ፣ ሥራ ላይ የዋለልኝ ሥልጠና አንድ ነው። መምህራኑን፣ የቢሮ ሠራተኞቹን፣ ርዕሰ መምህሯን ሳይቀር ሰበሰብንና ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የተጻፈ የምዝገባ ቅጽ ሰጠናቸው። "አምስት ደቂቃ አላችሁ፣ ሙሉት" አልናቸው። ርዕሰ መምህሯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወረቀቱን አገላበጠችው። ስሟን የምትጽፍበትን መስመር አጣች። ቀና ብላ አጠገቧ ያለችውን ኢትዮጵያዊት የጽዳት ሠራተኛ አየች፤ እሷ ጣቷን አስቀምጣ አሳየቻት። በዚያው ሳምንት ቢሮ የሚመጣ ወላጅ አስተርጓሚ እስኪመጣለት እንዳይባረር፣ ልጁም እንዲያስተረጉም እንዳይደረግ ተወሰነ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ስለራሱ ጥፋት ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ልጁንም እናቱንም ይጎዳል።

ገበያ ነው · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

በአክብሮት ልቃወም። ሁላችሁም ማኅበራዊ ሚዲያውን አቃለላችሁት። የግል ትምህርት ቤት የሚኖረው በምዝገባ ነው። ወላጅ ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ቴሌግራሙንና ፌስቡኩን ነው። ጥሩ ፎቶ ማንሳት፣ ጥሩ ቪዲዮ መሥራት ሙያ ነው፤ መማርም አለብን። እኔ ፎቶ በተማርኩበት ሥልጠና እስከ ዛሬ እጠቀማለሁ። ልጆች ወደ መስኮቱ እንዲዞሩ ማድረግን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት የማነሳቸው ልጆች ፊታቸው ሁሉ ጥቁር ነበር።

ሰሌዳ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልክ ብለሃል፣ እኔም መስኮቱን ባውቅ ብዙ ፎቶ አይበላሽብኝም ነበር። ቅሬታዬ ሁለቱም ቀን በዚያ ማለቁ ላይ ነው። ወላጅ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘን በደብዳቤውና በስልኩ ነው።

የልጆች ጉዳይ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ፎቶ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስንቶቻችን አንብበነዋል? እኔ ከአዋጁ ወዲህ ሦስት ሥልጠና ገብቻለሁ፤ አንዱም ላይ አልተነሳም። ፎቶ አነሣስ ያስተምሩናል፤ የወላጅ ፈቃድ አጠያየቅ ግን አያስተምሩንም።

ያየሁትን ልናገር፤ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ክፍያ ያልከፈሉ ልጆች ስም ዝርዝር የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ ቀሪ ዕዳ። አንዷ የእኔ የእህት ልጅ ናት። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። የለጠፈው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አውቀዋለሁ። የሚቀናው መንገድ ያ ነበረ፣ "ይሄ አይደረግም" ብሎ የነገረውም የለም።

ሥልጠና ላይ ይሄ አንድ ሰዓት ይሰጠው። ምን ግሩፕ ላይ ይወጣል፣ ምን ለወላጁ ብቻ ይላካል፣ ምን በስልክ ብቻ ይነገራል። ውጤት፣ ዕዳ፣ ሕመም፣ ቅጣት፦ እነዚህ ግሩፕ አያውቃቸውም።

ጡረተኛ መምህር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡45

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን በርዕሰ መምህርነት። በእኛ ጊዜ ኮሙኒኬሽን የሚባል ክፍል አልነበረም። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እንናገራለን፣ ልጁ ቤት ሄዶ ያወራል። ገጠር በነበርኩበት ጊዜ ደግሞ የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ሰብሳቢው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ዛፍ ሥር ቆሞ ይናገራል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይም ይደግመዋል። ወሬው ወረቀት ሳይባክን ይዳረስ ነበር።

አንድ የረሳችሁት ሰው አለ። የጥበቃ ሠራተኛው። ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እሱን ነው። እሱ "ዛሬ ሰው አይገባም" ካለ ደብዳቤያችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ወላጁ ተመልሶ ይሄዳል። እኔ ርዕሰ መምህር ሳለሁ ስብሰባ ያለ ቀን ጠዋት መጀመሪያ የምነግረው ለጥበቃው ነበር። ማን እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ አዛውንት ከመጡ ወንበር እንዲያወጣ። ሥልጠና ስትጠሩ እሱንና ጸሐፊዋን አብራችሁ ጥሩ። የሙያ ማሻሻያ ለእነሱም ይገባል።

ጀማሪ ፒአር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡02

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የእኛን ጥበቃ አሁን ሄጄ "የወላጅ ስብሰባ መቼ ነው?" አልኳቸው። "እኔ ማን ነግሮኝ" አሉኝ። ትናንት ነው ማስታወቂያ የለጠፍኩት፣ እሳቸው ከሚቀመጡበት ሁለት ሜትር ላይ። ዓይናቸው አይደርስበትም።

ከሻርጃ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ወላጅ ነኝ። ሰው ቤት እሠራለሁ። ልጄ አዲስ አበባ አያቷ ጋ ሆና ነው የምትማረው፣ አራተኛ ክፍል ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ ሱቅ ትወስደዋለች፤ ባለ ሱቁ ያነብላታል። ገበያ ካለበት ቆማ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ ማታ ሥራ ስጨርስ አየዋለሁ።

አምና አንድ ወረቀት መጣ። ረጅም ነው። ባለ ሱቁ "ወላጅ ይምጣ ይላል" አላት። እናቴ ልጅቷ ያጠፋች መስሏት ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። እኔም እዚህ ሆኜ አልተኛሁም። ጠዋት ስትሄድ ለካስ ልጄ በንባብ ተሸልማ ነው። "ሽልማት" የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አለ፣ እኔ በኋላ አገኘሁት፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

እባካችሁ ደስታ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ጻፉት። ድምፅ ብትልኩልን ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር። አንድ ደቂቃ የቴሌግራም ድምፅ። እናቴ ማንንም ሳታስቸግር ትሰማዋለች፤ ደግማ ደጋግማ ትሰማዋለች።

ሰሌዳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡51

እህቴ፣ ይሄን አንብቤ ትንሽ ቁጭ አልኩ። እኔም "ወላጅ ይምጣ" ብዬ ስንት ጊዜ ልኬአለሁ። ምክንያቱን ሳልጽፍ። ከነገ ጀምሮ ድምፅ እልካለሁ።

ማለዳ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡25

እኔ የምጨምረው ስለ ወሬ ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ልጆቹና ወላጆቹ ግቢያችንን ሞሉት። እኛም የምናውቀው እነሱ የሚያውቁትን ያህል ብቻ ነበር። ቢሮ ዘግተን ከላይ ደብዳቤ ጠበቅን። ዛሬ ቢሆን ወጥቼ "እስካሁን የምናውቀው ይሄን ነው፣ አዲስ ነገር ስንሰማ እዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን" እል ነበር። ሰው ዝምታን ነው የሚፈራው።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ ደረሰብን። አንድ ግሩፕ ላይ "የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ተገልብጧል" የሚል ወጣ። ውሸት ነው፤ ጎማ ፈንድቶ ቆሞ ነው። ሾፌሩ ደውሎልናል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሁለተኛ መኪና ሄዷል። ይሄን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አውቀናል። መግለጫው ግን ፊርማና ማህተም ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ከምናምን አለፈ። አንዲት እናት በቤት ጫማ መጣች፣ አንዱ እግሯ ባዶ ነበር። የበሩን ብረት ይዛ የልጇን ስም ትጠራለች። ያን ቀን አልረሳውም።

አሁን አራት መስመር ተዘጋጅቶ ስልኬ ላይ ተቀምጧል። ምን ሆነ። ልጆቹ እንዴት ናቸው። እኛ ምን እያደረግን ነው። ቀጣዩን በስንት ሰዓት እናሳውቃለን። ዳይሬክተሩ አስቀድመው ፈርመውበታል፤ እኔ የምሞላው ባዶውን ቦታ ብቻ ነው። ሥልጠና ላይ ይሄን ሰዓት ይዘው እንዲያለማምዱን እፈልጋለሁ። አንድ ሰው እንደ ወላጅ ይደውል፣ አንዱ ግሩፕ ላይ ወሬ ይልቀቅ፣ እኛ በአሥር ደቂቃ እናውጣ። በስላይድ አይለመድም።

ከሜሪላንድ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡58

ማለዳ፣ እዚህም ልምምዱ አለ፤ ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ለአደጋ ጊዜ አምስት ትእዛዝ ይጠቀማል። ባላችሁበት ቆዩ፣ የውጭ በር ይዘጋ፣ ክፍል ይቆለፍ፣ ግቢውን ልቀቁ፣ ተጠለሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው በአማርኛ ሲደበላለቁ ወላጅ ይደነግጣል። ሠፈር ውስጥ ፖሊስ ሰው ሲያሳድድ የውጭ በር መዝጋት አንድ ነው፤ ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍቶ መደበቅ ሌላ ነው። እኛ ሰው ተረጋግቶ ባለበት በነሐሴ ቃላቱን ከወላጆች ጋር ቁጭ ብለን መረጥን። በዚያን ቀን ቃል መፈለግ አይቻልም።

ሰሌዳ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

እሺ፣ አንድ ነገር አሰብኩ። ዳይሬክተሬን ጠይቄ ቤተ መጻሕፍቱን ለአንድ ቅዳሜ ፈቅደውልኛል። ግማሽ ቀን። አበል የለም፣ ሰርተፊኬት የለም። ሻይና ዳቦ አለ። ከአሥራ አምስት ሰው አንበልጥም። እያንዳንዱ ሰው ባለፈው ወር የላከውን ሦስት መልእክት ይዞ ይመጣል። ከቻለ ጸሐፊውን ወይም የጥበቃ ሠራተኛውን ይዞ ይምጣ። አራት ወላጆች ጋብዣለሁ፤ አንዷ ማንበብ አይችሉም። መልእክቶቻችንን የሚያርሙት እነሱ ናቸው። ከሻይ በኋላ የማለዳን የሰርቪስ ልምምድ እንሠራለን። የአዋጁን ጉዳይ "የልጆች ጉዳይ" ቢመራልን፣ የፎቶውን "ገበያ ነው"።

ገበያ ነው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡44

እመጣለሁ። መስኮት ያለው ክፍል ምረጪ።

የልጆች ጉዳይ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

አለሁ። የፈቃድ መጠየቂያ ናሙና በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ እመጣለሁ።

ጀማሪ ፒአር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔ ሩቅ ስለሆንኩ አልደርስም። ግን ዛሬ ማታ የወላጅ ስብሰባውን ጥሪ እንደገና ጻፍኩት። እዚህ አርሙልኝ። "ከሻርጃ"፣ በተለይ አንቺ እይልኝ።

"ውድ ወላጆች፣ ቅዳሜ መጋቢት 5 (በፈረንጅ ማርች 14) ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለን። የምንነጋገረው ስለ ልጆች ንባብና ስለ ምሳ ሰዓት ነው። ማንም ልጅ ስላጠፋ አይደለም። አያትም፣ ታላቅ እህትም ወንድምም መምጣት ይችላሉ። መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉልን፣ የተባለውን እንነግራችኋለን።" ከሥሩ የቢሮው ስልክ አለ። ድምፁንም ቀድቻለሁ፤ ሃምሳ ሰከንድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሰምተውት "ይሁን" ብለዋል።

ከሻርጃ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡40

ወንድሜ፣ አንዴ አንብቤ ገባኝ። "ማንም ልጅ ስላጠፋ አይደለም" ያልካት እናቴን ታስተኛታለች። አንድ ነገር ብቻ፦ ስልኩ ላይ 251 ጨምርበት። ከዚህ ሆኜ በ09 ስደውል አይገባልኝም።

ጀማሪ ፒአር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡47

ጨመርኩት።